«978 ሜትር ብቻ?» እና ሌሎች የዎዝዴል ሄድ ስህተቶች

ዎዝዴል ሄድ የምትባለው መንደር ያለችው በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከምብሪያ ውስጥ ነው። ጥቂት የገበሬ ቤቶች፣ መጠጥ ቤት ያለው አንድ ሆቴል፣ አንዲት ሚጢጢ ቤተ ክርስቲያን፣ ዙሪያውን የድንጋይ ካብና በግ። የመኪናው መንገድ እዚያው ያልቃል። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ከበላይዋ የእንግሊዝ ትልቁ ተራራ ስካፌል ፓይክ አለ። ከመንደሩ ትንሽ ቀደም ብሎ ደግሞ ዎስትዎተር፣ ወደ 79 ሜትር የሚጠልቅ፣ በእንግሊዝ አንደኛው ጥልቅ ሐይቅ።

ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ሐበሻ ወዳጆቼን ይዤ እሄዳለሁ። ሁሉም ትንሽነቷን አይቶ ይንቃታል። ጣጣው የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

ተራራውን መናቅ

«978 ሜትር? ብቻ? አዲስ አበባ እኮ ከ2,300 በላይ ናት! ከስካፌል ፓይክ በላይ ተኝተን ነው ያደግነው!» ይህን የማይል ሐበሻ እስካሁን አልገጠመኝም። ራስ ዳሸንም ሳይጠራ አይቀርም። እሺ፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ግን አዲስ አበባ የተወለደ ሰው 2,300 ሜትር ወጥቶ አይደለም እዚያ የተገኘው፤ እናቱ ናት እዚያ የወለደችው። ዎዝዴል ሄድ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አትልም። ስለዚህ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ጫፍ 900 ሜትር ገደማ ሽቅብ በእግራችሁ ትወጣላችሁ። ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ከመውጣት በእጅጉ ይበልጣል። መጀመሪያ ሣር ነው፣ ቀጥሎ ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ፣ ላይ ስትደርሱ የተበታተነ ቋጥኝ ብቻ። ለደርሶ መልስ አምስት ስድስት ሰዓት ያዙ።

አየሩን ደግሞ ተዉት። ከተራራው ማዶ ያለችው ሲስዌይት ሰው ከሚኖርባቸው የእንግሊዝ ቦታዎች ሁሉ ዝናብ የሚበዛባት ናት። በዓመት ወደ 3,500 ሚሊ ሜትር ይወርድባታል፣ አዲስ አበባ ከሚዘንበው ሦስት እጥፍ ገደማ። ታች በቲሸርት የጀመራችሁት ሰዎች ላይ ስትደርሱ በጉም ተሸፍናችሁ የገዛ ጫማችሁን ላታዩ ትችላላችሁ።

አንድ ወንድማችን በጂንስና በነጭ ስኒከር መጣ። ጃኬት ያዝ ስንለው «እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ» አለ። ግማሽ መንገድ ላይ ዝናቡ ሲመጣ ጂንሱ ውኃ ጠጥቶ እግሩ ላይ ተለጠፈ። ከንፈሩ ገረጣ፣ ወሬው ቀነሰ። ከዚያ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ትንሽ ልቀመጥ» ማለት ጀመረ። ብርድ የያዘው ሰው ቁጭ ልበል ሲል ጉዞው እዚያ ላይ አለቀ፤ ይዞት መውረድ ነው። ያለንን ደርበንለት፣ ቸኮሌት አጉርሰነው ወረድን። የማይበሰብስ ጃኬትና ሱሪ፣ ጎማው የማይንሸራተት ጫማ፣ የራስ ባትሪ፣ የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ያዙ። ስልካችሁ እዚያ ኔትወርክ ሊያጣ ይችላልና በእሱ ብቻ አትተማመኑ። አደጋ ከደረሰ 999 ደውላችሁ ፖሊስ፣ ከዚያም የተራራ ነፍስ አድን ጠይቁ። የሚመጡት ሥራቸውን ጥለው የሚወጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ገንዘብም አያስከፍሉም። በታኅሣሥ ደግሞ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች።

በተሳሳተ በኩል መውረድ

ጫፉ ላይ መንገዶች በየአቅጣጫው ይወርዳሉ፣ ጉም ሲኖር ደግሞ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። በወጣችሁበት ውረዱ። ሰው ከፊት ሲሄድ አይታችሁ ዝም ብላችሁ አትከተሉ፤ እሱ ወደ ሌላ ሸለቆ እየሄደ ይሆናል። ያኔ መኪናችሁ ከተራራው ወዲህ፣ እናንተ ከተራራው ወዲያ ትቀራላችሁ፣ የታክሲውን ሂሳብ አትጠይቁኝ። ይባስ ብሎ ፒርስ ጊል የሚባል ገደል አለ። መውረጃ መስሏቸው ገብተው መውጫ ያጡ ሰዎችን ነፍስ አድኖቹ በተደጋጋሚ ያወጡበታል።

ስልኩ ያለውን ሁሉ ማመን

በስተ ምሥራቅ ካለችው ከአምብልሳይድ ከተማ ዎዝዴል በካርታ ቅርብ ነው። ስልኩም አጭሩን መርጦ በራይኖዝና በሃርድኖት መተላለፊያ ያስገባችኋል። ሃርድኖት አንዳንድ ቦታ ላይ ሦስት ሜትር ስትሄዱ አንድ ሜትር ያስወጣል፣ ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ መንገድ ነው፣ ጥምዝምዙም አያድርስ ነው። አንዴ አንድ ቤተሰብ በኪራይ ቫን ገባበት። ጥምዝምዙ ላይ ከላይ የሚወርድ መኪና ገጠማቸው፣ ቫኑ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ከኋላ የተቀመጡት እማማ «በስመ አብ! አውርዱኝ፣ በእግሬ እመጣለሁ!» አሉ። ወርደውም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ሽቅብ ተያያዙት። ከቫኑ ቀድመው ላይ ደረሱ።

ከደቡብ ስትመጡ ከኤም6 አውራ ጎዳና በመውጫ 36 ውጡና በኤ590 አድርጋችሁ ኤ595ን ያዙ፣ ከዚያ በሳንተን ብሪጅ ግቡ። ይረዝማል፣ ግን ትደርሳላችሁ። የሐይቁ ዳር መንገድም ጠባብ ነው። ለመተላለፊያ የተተወችውን ሰፋ ያለች ቦታ ፎቶ ለማንሳት ብላችሁ መኪና አታቁሙባት።

በሐበሻ ቀጠሮ መድረስ

ሰው ተሰብስቦ፣ ድፎ ዳቦ ተጭኖ፣ እኩለ ቀን ላይ ሲደረስ ማቆሚያው ሞልቷል። በጠዋት ተነሱ።

ከሰል

የጀበና ቡና በሐይቁ ዳር ማን ይጠላል? እኔም አልጠላም። ግን መሬት ላይ ከሰል አታቀጣጥሉ። ሣሩ ይቃጠላል፣ ደረቅ ሰሞን ከሆነ እሳቱ ተራራ ይወጣል። ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዙ። ዕጣኑን ለቤት።

ቤተ ክርስቲያኗን አልፎ መሄድ

ይሄኛው ያሳዝነኛል። የቅዱስ ኦላፍ ቤተ ክርስቲያን እንደ እኛ አገር ደብር በዛፍ ተከባ ነው ያለችው፣ ከሩቅ ጣሪያዋም በደንብ አይታይም። በእንግሊዝ ካሉት ትንንሾቹ አንዷ ናት። ግቡና መስኮቱን ተጠግታችሁ እዩ። አንዷ መስታወት ላይ የመርፌ ቅርጽ ያለው፣ ግሬት ጌብል የሚባለው ተራራ ላይ ያለ ቋጥኝ ተቀርጿል፣ ከሥሩም «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣለሁ» የሚለው የዳዊት መዝሙር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ላለቁ ተራራ ወጪዎች መታሰቢያ ነው። ግቢው ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1903 የስካፌል ፓይክ ጎረቤት በሆነው ስካፌል ላይ ወድቀው የሞቱ ወጣጮች ተቀብረዋል። ተራራው ያስቃል ለምትሉት መጀመሪያ እዚህ ብትገቡ ደስ ይለኛል።

መጠጥ ቤት ቁጭ ብሎ ማጨብጨብ

አስተናጋጅ አይመጣም። ባንኮኒው ጋ ሄዳችሁ እዘዙ፣ ክፈሉ። ወጥ ቤቱ ከምሳ በኋላ ሊዘጋ ስለሚችል ሰዓቱን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ዝናብ ሲመጣ መኪና ውስጥ ማኩረፍ

ወደ ባሕሩ ውረዱ። ሬቨንግላስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1875 የተከፈተ ትንሽ ባቡር አለ፣ የሐዲዱ ስፋት 38 ሳንቲ ሜትር ብቻ፤ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ሸለቆውን ይዞ ይወጣል። ልጆች ያብዳሉ፣ አባቶች ይበልጥ። እዚያው ግድግዳው አሁንም የቆመ የሮማውያን መታጠቢያ ቤት አለ፣ ጠጋ ብሎ ደግሞ መንካስተር ግንብ።

በኅዳር ከመጣችሁ ሳንተን ብሪጅ ያለው መጠጥ ቤት የዓለም ትልቁን ውሸታም ይመርጣል። ውድድሩ የሚዘከርበት ዊል ሪትሰን ዎዝዴል ሄድ ላይ መጠጥ ቤት የነበረው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በውሸቱ የታወቀ ሰው ነው። ፖለቲከኛና ጠበቃ መወዳደር አይፈቀድለትም፣ ሙያተኛ ናቸው ተብሎ። የጎንደሩን ልጅ ተመዝገብ ብዬዋለሁ፤ ስካፌል ፓይክን በስኒከር እንደወጣ እስካሁን ለሰው ይናገራልና።