የፊልም አልባሳት ዲዛይነር ለመሆን፦ ከሩት ካርተር የሥራ ጉዞ የሚቀሰም ትምህርት

ወደ ፊልም አልባሳት ዲዛይን ሙያ ለመግባት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ንድፍ በመሳል ይጀምራል፤ ይሁን እንጂ በዘርፉ ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመችውን አሜሪካዊቷን ሩት ካርተርን አሠራር ያጤነ ሰው፣ ከንድፉ በፊት ጥናት መቅደም እንዳለበት ይረዳል።

ለጀማሪ ከሁሉም የሚሻለው ትያትር ቤት ነው። ካርተር በአሜሪካው ሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ስትማር ሙያውን ያወቀችው ለመድረክ ድራማዎች ልብስ በማዘጋጀት ሲሆን፣ ከዚያም በሳንታፌ ኦፔራ ተለማምዳ፣ በሎስ አንጀለስ ትያትር ሠርታ፣ በ1988 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያ ፊልሟን ከዳይሬክተር ስፓይክ ሊ ጋር አወጣች። ከዚያ በፊት ግን በእርሱ ምክር በተማሪዎች የመመረቂያ ፊልም ላይ ልምድ ቀስማለች። ክፍያ የለውም ተብሎ እንዲህ ያለው ዕድል መታለፍ የለበትም።

ስክሪፕቱ እጅዎ ሲገባ እያንዳንዱን ትዕይንት በታሪኩ ውስጥ በየትኛው ቀን እንደሚውል ለይተው፣ ማን ምን እንደሚለብስና በልብሱ ላይ ምን እንደሚደርስ በሠንጠረዥ ያስፍሩ። ቀረጻ የታሪኩን ቅደም ተከተል ስለማይከተልና አንድ ትዕይንት ስለሚደጋገም፣ ደም የሚነካው ሸሚዝ በአንድ ዓይነት መልክ ብዙ ሆኖ መዘጋጀት ይኖርበታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ምርምር ነው፤ ሙያተኛው የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ካርተር ስለ አሜሪካዊው የጥቁሮች መብት ታጋይ ተሠርቶ በ1992 ለወጣው «ማልኮም ኤክስ» ፊልም ልብስ ስታዘጋጅ፣ ማልኮም የታሰረበትን የማሳቹሴትስ ማረሚያ ቤቶች መዝገብ አስፈቅዳ የእጅ ጽሑፎቹን አንብባለች። በፊልሙም የወጣትነቱ ሰፋፊና ደማቅ ሱፎች በእስር ቤቱ ዘመን ቀለማቸውን አጥተው፣ በኋላ በጨዋ ጥቁር ሱፍና ነጭ ሸሚዝ ይተካሉ። ስለ 1960ዎቹ አዲስ አበባ የሚሠራ ሰው ደግሞ የቤተሰብ አልበሞችንና የፎቶ ቤት ሥዕሎችን ቢያገላብጥ ብዙ ያገኛል።

ካርተር በ2019 የመጀመሪያዋ ጥቁር የኦስካር ተሸላሚ የአልባሳት ዲዛይነር የሆነችበት «ብላክ ፓንተር» የአፍሪካን ብዙ ባህሎች ይዟል፤ ከኦሞ ሸለቆ ሙርሲና ሱሪ ሴቶች ጋር የሚታወቀው የከንፈር ገል በፊልሙ አንድ ወንድ ሽማግሌ ላይ ይታያል። የንግሥቲቱ ዘውድ መነሻው የዙሉ ባለትዳር ሴቶች ቆብ ሲሆን የተሠራው በስሪዲ ፕሪንተር (ቅርጽን በድርብርብ በሚያትም ማሽን) ነው። ለእኔ ግን ይበልጥ የሚያስተምረው በፊልሙ የሚለበሰው የደቡባዊ አፍሪካዋ አገር የሌሶቶ ብርድ ልብስ ነው፤ በካሜራ ሲታይ ወፍራም ሆኖ በመገኘቱ ፀጉሩ ተላጭቶ እንዲሳሳ ተደርጓል። እንግዲህ ገበያ ላይ ያማረ ጨርቅ በካሜራ ፊት ሳይፈተን መገዛት የለበትም።

ልብሱ ተሰፍቶ ሲያልቅ አዲስነቱ መጥፋት አለበት። ክርኑንና ጉልበቱን በሸካራ ወረቀት ይፈግፍጉ፣ ደጋግመው ይጠቡት፣ ነጩን በሻይ ውሃ ይንከሩት፤ ገበሬው ከሱቅ የወጣ የሚመስል ጋቢ ለብሶ ከታየ ተመልካቹ ወዲያው ይነቃል። ሥራ ሲጠይቁም ከንድፎችዎ ጋር ሠንጠረዡን፣ የምርምር ፎቶዎቹንና ልብሱ ከማርጀቱ በፊትና በኋላ የተነሳውን ሥዕል አብረው ያቅርቡ።