የመድረክ የራስ ቁር ስንሠራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጠረጴዛ ላይ ሲታይ የሚያምር የራስ ቁር መድረክ ላይ ተዋናዩን ሲያስጨንቀው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስህተቱ የሚጀምረው ከልኬቱ ነው።

ባዶ ራስ አይለኩ። ተዋናዩ ዊግ የሚያደርግ ከሆነ አድርጎት ይለካ። ማይኩም ጆሮው ጋ ወይም ግንባሩ ላይ ከተለጠፈ ቦታ ይተዉለት። ዙሪያውን በሜትር መለካት ብቻ አይበቃም። ሁለት ሰዎች እኩል 57 ሳንቲሜትር ሆነው የአንዱ ራስ ሞላላ፣ የሌላው ክብ ሊሆን ይችላል። እኔ ራሱን በቀጭን ፕላስቲክ ሸፍኜ፣ ላዩን በወረቀት ፕላስተር እለብጠዋለሁ። ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ክፍት ይሁኑ። ከዚያ የቁሩን መስመር ላዩ ላይ አስምሬ ልባጡን አውልቄ እቆርጠዋለሁ፤ ንድፉ የሚወጣው ከእሱ ነው። ንድፉን ከግማሹ ብቻ አውጥቶ ለሌላው ጎን መገልበጥ ሁለቱን እኩል ያደርጋል።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ፊት ጥላ ውስጥ ሲገባ ነው። የመድረክ መብራት በአብዛኛው ከላይ ይመጣል። የቁሩ ግንባር ወደፊት ከወጣ የተዋናዩ ዓይን አይታይም፤ ዓይኑ ካልታየ ደግሞ ትወናው ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። መጀመሪያ በካርቶን ሠርተው መብራት ስር ያስለብሱት። ሄደው ከመጨረሻው ወንበር ይመልከቱት። አንዳንዴ ግንባሩን 2 ሳንቲሜትር ማሳጠር ብቻ ነገሩን ይፈታዋል።

ጆሮ መድፈንም እንዲሁ ነው። የባልደረባውን ቃል ያልሰማ ተዋናይ ተራው ያልፈዋል። ጌጦቹ መሀል ቀዳዳ ይብሱ፤ ከሩቅ አይታይም፣ አየርም ያስገባል።

ቁሩ የሚሠራበትን ፎም (ስፖንጅ መሰል ቀላል ሉህ) ሲያጣብቁ አይቸኩሉ። ማስቲሹ ሁለቱም ጠርዝ ላይ ይቀባ። ጣት ላይ መያዝ እስኪተው ይጠብቁ። ጠርዞቹ አንዴ ከተነካኩ ማስተካከል ከባድ ነው። መስኮት ይክፈቱ፣ ሽታው ለጤና ጥሩ አይደለም።

ቀለም በጥሬው ፎም ላይ አይቀቡ፤ ይመጠዋል። ነጭ ኮላን በውሃ አቅጥነው ደጋግመው ይቀቡትና ይድረቅ። ብርማ ቀለም ደግሞ ብቻውን ሲሆን መብራቱ ያነጣውና ቅርጻ ቅርጹ ይጠፋል። ጎድጓዳውን በጥቁር ወይም በቡናማ ያጥቁሩት። ቅርብ ሆነው ሲያዩት የበዛ ይመስላል፤ አይፍሩ።

ክብደቱ ወደፊት ካደላ ተዋናዩ ሲያጎነብስ ቁሩ ይወድቃል። የአገጭ ማሰሪያ ያድርጉለት። የውስጡ ስፖንጅ በቬልክሮ ተይዞ የሚወጣና የሚታጠብ ይሁን። ሲጨርሱ ለልምምድ ቶሎ ይስጡት፤ ይደንስበት፣ ይውደቅበት፣ በጨለማ ለብሶ ያውልቀው። የሚስተካከለው ነገር ያኔ ይታያል።