ስለ መንግሥተ ሰማያት በሥዕል መጽሐፍ ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያለ ልጅ የሰማውን በቁሙ ይወስዳል። ሥዕሉን ደግሞ ከቃሉ አስቀድሞ ያየዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት መጽሐፉን አስቀድሞ ለብቻ ሳያገላብጡ ለልጅ መክፈት ነው።

ሁለተኛው "ሰማይ" በሚለው ቃል ይመጣል። በአማርኛ ደመና ያለበትም ሰማይ ነው፤ "በሰማያት የምትኖር" ብለን የምንጸልይበትም ሰማይ ነው። ሥዕሉ ላይ ሰዎች ደመና ላይ ተቀምጠው ካየ ልጁ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። አውሮፕላን ሲያልፍ "አያቴ ጋ ይደርሳል?" ይላል፤ ዝናብ ሲመጣ እዚያ ያሉት እንዳይበሰብሱ ይጨነቃል። ወፍ ለሚበርበት "ሰማይ"፣ ለሌላው ሁልጊዜ "መንግሥተ ሰማያት" በሉ። "የእግዚአብሔር ቤት" የሚለውን ለጊዜው ተዉት፤ ቤተ ክርስቲያን ይመስለዋል። ደመናው ላይ ስትደርሱም "ሠዓሊው በዓይናችን የማናየውን ሊያሳየን ብሎ ነው እንዲህ የሳለው" በሉት።

ሞትን መሸፋፈን ከሁሉ የከፋ ጉዳት ያመጣል። አያቱ ሞታ "ተኝታለች" የተባለ ልጅ ማታ መተኛት ይፈራል። "ሄዳለች" የተባለ መመለሷን ይጠብቃል። "እግዚአብሔር ስለወደዳት ወሰዳት" የተባለ ደግሞ እናቱንም እንዳይወስድበት፣ እሱንም እንዳይወደው ይሰጋል። "ሞታለች። ሰውነቷ መሥራት አቁሟል፤ አትተነፍስም፣ አትራብም፣ አያማትም" በሉት፤ ተስፋውን ከዚያ በኋላ ንገሩት።

ብዙ መጻሕፍት የሞተን ሰው ክንፍ አውጥቶ ይስሉታል። ሰው ሲሞት መልአክ አይሆንም። መላእክት ለአገልግሎት የሚላኩ መናፍስት ናቸው (ዕብ. 1፥14)፤ ለሰው የተሰጠው ተስፋ ግን ትንሣኤ ነው (1ኛ ቆሮ. 15)። ክንፉ ላይ ጣት አሳርፎ ይህን መናገር ይበቃል፤ መጽሐፉን መጣል አያስፈልግም።

ወርቁንና ዕንቁውን ማስቀደምም ልጁን ያስታል፤ መንግሥተ ሰማያት ያማረ ከተማ ብቻ ትመስለዋለች። ከራእይ 21 መጀመሪያ ቁጥር 3ንና 4ን አንብቡለት፦ እግዚአብሔር ከሰዎች ጋር ይኖራል፣ እንባቸውን ያብሳል። ከዚያ ሥዕሉ ላይ የከተማዋን 12 በሮች በጣቱ ይቁጠር። በሮቹ እንደማይዘጉም ንገሩት (ቁ. 25)፤ ጨለማ ለሚፈራ ልጅ፣ በዚያ ሌሊት አለመኖሩ ከወርቁ ይበልጥበታል።

"እንዲህ ካደረግህ አትገባም" ብሎ ማስፈራራት ፈጽሞ አይገባም። ትምህርቱ ሁሉ ቅጣት ይሆንበታል።

በአንድ ጊዜ መጨረስም አይጠቅም። አሥር ደቂቃ፣ ሦስት ወይም አራት ሥዕል ይበቃል። ከማንበባችሁ በፊት "ምን ታያለህ?" ብላችሁ ዝም በሉ። በማግስቱ ያንኑ ሥዕል ከፍታችሁ እሱ ይተርክላችሁ፤ የተሳሳተ የገባው ነገር ካለ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ያልተጻፈውን ፈጥሮ መመለስም አለ። "ውሻዬስ ይኖራል?" ሲል "መጽሐፍ ቅዱስ ይህን አልነገረንም፤ እግዚአብሔር ግን መልካም ነው" በሉት።

አንዳንዱ ልጅ ደግሞ "አሁኑኑ መሄድ እፈልጋለሁ" ይላል። አትቆጡት፣ አትደንግጡበትም። ማን እንደናፈቀው ጠይቁት፤ ብዙውን ጊዜ መልሱ የአንድ ሰው ስም ነው። "እኔም ትናፍቀኛለች" ብላችሁ እቀፉት፤ እግዚአብሔር አሁን እዚህ፣ ከእናንተ ጋር እንዲያድግ እንደሚፈልግ ንገሩት። ይህን እየደጋገመ ከተናገረ፣ ምግብና ጨዋታም ካስጠላው፣ መጽሐፉን አቆዩትና ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ አማክሩ።