ጥሬ አትክልት ተመጋቢ የትዳር አጋር ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እሳት ያልነካው አትክልትና ፍራፍሬ፣ የቅባት እህልና የበቀለ ጥራጥሬ ብቻ እየተመገበ የሚኖር ሰው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በለገጣፎም ይሁን በቱሉ ዲምቱ፣ እንደ ልብ አይገኝም። ትዳር ያሰበ እንደሆነ ደግሞ ብቸኝነቱ ይበልጥ ይሰማዋል። ሆኖም ፍለጋውን ከሰው ማነስ በላይ የሚያከብዱት፣ በትንሽ ጥንቃቄ ሊወገዱ የሚችሉ ስህተቶች ናቸው።

ከሁሉ የሚቀድመው ጾመኛን ከጥሬ ተመጋቢ ጋር ማምታታት ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ረቡዕንና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀንና ሌሎቹንም አጽዋማት ሲጾም ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሚርቅ፣ በመጀመሪያው ትውውቅ «እኔም እኮ ጾም አጥባቂ ነኝ» ካለ ነገሩ የተሟላ ይመስላል። ይሁን እንጂ የጾም ማዕድ ያለ እሳት አይሰናዳም፤ ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ ሽሮው ይንተከተካል፣ እንጀራው በምጣድ ይጋገራል፣ ጾሙ ሲፈታም ዶሮው ይታረዳል። ስለዚህ በጊዜ ሊጠየቅ የሚገባው በፋሲካ ዕለት ምን እንደሚበላ፣ በአዘቦቱ ቀንስ ያለ እንጀራ መዋል ማደር ይችል እንደሆነ ነው። ጥሬ ተመጋቢ ነኝ የሚለውም ቢሆን ልኩ አንድ አይደለም፤ እስከ ምሳ ፍራፍሬ ሲበላ ውሎ ማታ ምስር ወጥ የሚቀርብለት አለ፤ ለዓመታት ምድጃ ያልለኮሰም አለ። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር አይችሉም ባይባልም፣ ልዩነቱን ከሠርጉ በኋላ ማወቅ ግን ሁለቱንም ይጎዳል።

ሁለተኛው ስህተት አመጋገብን ከቤተሰብ መደበቅ ሲሆን፣ በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ይኸኛው ነው። ጥንዶቹ ተስማምተው ሽማግሌ ይላካል፣ ሠርጉ ያልፋል፣ በመልሱ ቀን ግን አሥራ ሁለት ብልት ወጥቶለት የተሠራ ዶሮ ወጥ ይቀርባል፤ እናት ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው «አፈር ስሆን» እያሉ ሲዘረጉ፣ ያን ጊዜ «አልበላም» ማለት እጃቸውን እንደ መናቅ ይቆጠራል። አስቀድሞ የተነገራቸው እናት ግን ብዙ ጊዜ ከሚገመተው በላይ ቻይ ናቸው፤ እንዲያውም ለልጃቸው አጋር የሚሆን ነገር መፈለግ ይጀምራሉ። በዚህ ጊዜ «ምንም አልፈልግም» ከማለት ይልቅ የሚቻለውን በስም መንገር ያስፈልጋል፦ ቲማቲም በቃሪያና በቀይ ሽንኩርት ተከትፎ በሎሚ የተለወሰ፣ ካሮት የተፈቀፈቀ፣ አቮካዶ፣ ወቅቱ ሲሆን የሽምብራ እሸት። ተልባ በየቤቱ ታምሶ ስለሚወቀጥ፣ የእርስዎ ድርሻ ሳይታመስ እንዲወቀጥ መጠየቅም ነውር የለውም።

አጋርን ቀስ በቀስ እለውጠዋለሁ ብሎ መጀመር ሌላው ስህተት ነው። ሰው በራሱ ፈቃድ ካልተለወጠ በድብቅ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ጥርጣሬ ይከተላል።

የመገናኛ ቦታ ምርጫም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ምግብ ቤት ከተቀጣጠሩ ውይይቱ ሁሉ ስለማይበላው ነገር ይሆናል፤ በሠፈሩ የሚገኝ ጭማቂ ቤት ገብቶ ያለ ስኳርና ያለ ሽሮፕ አቮካዶና ፓፓያ ማዘዝ ሁለቱንም ያሳርፋል። ሱሉልታ የሚኖር ሰው ኮዬ ፈጬ ያለውን «ሩቅ ነው» ብሎ መተዉ ግን ያሳዝነኛል፤ ብዙ ታክሲ ማቀያየር እንዳለበት ባውቅም፣ የሚፈልገው ሰው በየሠፈሩ የሚገኝ አይደለም።

ብዙዎች ቸል የሚሉት ስህተት ደግሞ አንድ ዓይነት ስለተመገቡ ብቻ የሌላውን እጅ ያለ ጥያቄ ማመን ነው። የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካ ቆሻሻ ይዞ ይወርዳል፤ በዳርቻውም በዚያው ውኃ ሰላጣ፣ ጎመንና ቆስጣ ይለማል። የሚቀቅል ሰው በእሳት የሚገድለውን የአሜባ፣ የጃርዲያና የታይፎይድ ተሕዋስ ጥሬ ተመጋቢው በቀጥታ ሊጎርሰው ስለሚችል፣ አትክልቱ ከየት እንደተገዛ፣ ቅጠል በቅጠል ተነጥሎ በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለመታጠቡን መጠየቅ ፍቅርን አይቀንስም። ቀይ ቦሎቄን በጥሬው ወይም አብቅሎ ብቻ የሚያቀርብ ሰው ካጋጠመዎትም በትሕትና ያስቁሙት፤ መርዛማነቱ በደንብ በመቀቀል እንጂ በማብቀል አይጠፋምና።

በመጨረሻም የልጅን ነገር «ሲደርስ እናስብበታለን» ብሎ ማሳደር አይገባም። ቫይታሚን ቢ12 ከአትክልት አስተማማኝ በሆነ መጠን አይገኝም፤ በጉበት የተከማቸው ለዓመታት ስለሚያቆይ እጥረቱ ዘግይቶ ይታያል፣ እናቲቱ እጥረት ካለባት ደግሞ የሚጠባው ሕፃን ነርቭና አእምሮ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከእንስሳት ተዋጽኦ ፈጽሞ የራቁ ጥንዶች፣ ቢ12 በእንክብል ለመውሰድና በእርግዝና ጊዜ ሐኪም የሚያዝዘውን ለመቀበል ፈቃደኛ መሆን አለመሆናቸውን ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ተቀምጠው ይነጋገሩ፤ ልጁ ሲወለድ የበሰለ ምግብ ይቀርብለት እንደሆነም በዚያው ይወስኑ።