የዳታ ዓይነቶችን ከማሻሻያ በፊት መፈተሽ

ጅማ ውስጥ የቡና ነጋዴዎችን መዝገብ በፖስትግሬስ፣ ማለትም በዳታቤዝ ሶፍትዌር፣ እይዛለሁ። አዲስ ስሪት ከመጫኔ በፊት የዳታ ዓይነቶችና ልወጣዎቻቸው እንደ ቀድሞው መሥራታቸውን ሳላረጋግጥ አላልፍም።

ጥያቄዎችን፣ ማለትም ለዳታቤዙ የሚሰጡ ትእዛዞችን፣ በአንድ ፋይል ጻፉ፤ ትክክለኛነቱን ራሳችሁ ያጣራችሁትን ውጤት በሌላ ፋይል አስቀምጡ። ከዚያ ጥያቄዎቹን በአዲሱ ስሪት ላይ አስኪዱና ውጤቶቹን የሁለት ፋይሎችን ልዩነት በሚያሳየው በዲፍ አወዳድሩ። የፖስትግሬስ የራሱ የፈተና ትእዛዝ «ሜክ ቼክ» የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው።

ብልሃቱ ጥያቄ መምረጡ ላይ ነው፤ ዳር ዳሩን ፈትኑ። ትንሹ የሙሉ ቁጥር ዓይነት ስሞልኢንት 32767ን ይቀበላል፣ 32768ን ግን አልቀበልም ማለት አለበት፤ የስህተት መልእክቱም የሚጠበቀው ውጤት አካል ነው። 2.5 ፈረሱላ ወደ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ሲለወጥ አስርዮሽን በትክክል ከሚይዘው ከኑሜሪክ 3፣ በግምት ከሚይዘው ከደብል ፕሪሲዥን ግን 2 ይወጣል፤ ደብል ፕሪሲዥን በሁለት ሙሉ ቁጥሮች መካከል እኩል ላይ ያለን ቁጥር ወደ ተጋማሹ (ለ2 ወደሚካፈለው) ስለሚያጠጋጋ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ በማጠጋጋት የሚጠፋው የገበሬ ላብ ነው! ክብደትንና ብርን በኑሜሪክ ብቻ ያዙ።

ቀን ላይ ደግሞ ጊዜ ውሰዱ። ጳጉሜን 5 «2015-13-05» ተብሎ ከገባ የቀን ዓይነቱ ዴት አልቀበልም ይላል፤ 13ኛ ወር አያውቅምና። እኔን የሚያስፈራኝ ስህተት ሳይባል የሚያልፈው ነው፤ መስከረም 20 «2015-01-20» ተብሎ ሲገባ ያለ አንዳች ቅሬታ የፈረንጆች ጃንዋሪ 20 ሆኖ ይመዘገባል። ሁለቱንም በፈተናው ውስጥ አስገቡ።

ባዶ ጽሑፍን ወደ ቁጥር መለወጥም ይጨመር፤ ስህተት እንጂ ዜሮ መስጠት የለበትም። ዲፉ ልዩነት ካሳየ ምክንያቱን ሳታገኙ የሚጠበቀውን ፋይል አትንኩ።