ኑዛዜ ብቻውን አይበቃም፦ ውርስን ለቤተሰብ አመቻችቶ የማስቀመጥ መንገድ

አባቴ ሲሞት ኑዛዜ ነበረው። በእጁ ጽፎታል፣ ቀን አለው፣ ተፈርሞበታል። እኛ ልጆቹ «ተመስገን፣ አባባ አስቦበታል» አልን። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ዓመት ተኩል ቢሮ ለቢሮ ዞርን። ስንት የባንክ ደብተር እንዳለው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የሕይወት ኢንሹራንሱ ላይ የተጻፈው ስም ከእሱ ቀድማ የሞተችው የእናቱ ነበር። ኑዛዜው ላይ በምስክርነት ከፈረሙት አንዷ ደግሞ እህቴ ናት። ድርሻ የተናዘዘላት ሰው ራሷ ምስክር ስለሆነች ድርሻዋ አከራካሪ ሆነ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ግን እህትማማቾች ለወራት ተኮራረፉ።

ይህን የምጽፈው ሌላ ቤት ውስጥ እንዳይደገም ነው። ብዙ ሀብት አያስፈልግም። አንድ የቁጠባ ሂሳብና አንድ ልጅ ያለው ሰው ይመለከተዋል። የውርስ ሕግ ከአገር አገር ስለሚለያይ ኑዛዜውን ከመፈረማችሁ በፊት የአገራችሁን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያንብብላችሁ። የሚቀድመውን ሥራ ግን ራሳችሁ ብትሠሩት ይሻላል፤ ወጪውም ይቀንሳል።

መጀመሪያ ዝርዝር

አንድ ወረቀት ውሰዱና ያላችሁን ሁሉ ጻፉ። ቤት፣ መኪና፣ የባንክ ሂሳብ፣ አክሲዮን፣ ጡረታ፣ ኢንሹራንስ፣ ለሰው ያበደራችሁት ገንዘብ። ከእያንዳንዱ ጎን ሦስት ነገር አስፍሩ፦ በማን ስም እንደሆነ፣ ሰነዱ የት እንደተቀመጠ፣ ማንን መጠየቅ እንደሚቻል። የይለፍ ቃል እዚህ ላይ አትጻፉ።

ዕዳችሁንም ጻፉ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። በአብዛኛው አገር ወራሾች ከመካፈላቸው በፊት የሟች ዕዳ ከንብረቱ ይከፈላል። ቤቱን ለአንዱ፣ ጥሬ ገንዘቡን ለሌላው ብትሉና ዕዳው ጥሬ ገንዘቡን ቢጨርሰው፣ ሁለተኛው ልጅ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

«በማን ስም» የሚለውንም በደንብ አጣሩ። ሁለት ሰዎች በጋራ የያዙት ቤት በአንዳንድ ቦታ አንዱ ሲሞት በቀጥታ ለሌላው ያልፋል። በሌላ ቦታ ደግሞ የሟች ድርሻ ብቻ ተለይቶ ለወራሾቹ ይሄዳል። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ በሆነበት አገር የምትናዘዙት የራሳችሁን ድርሻ ብቻ ነው። የባለቤታችሁን ድርሻ ለማንም ልትሰጡ አትችሉም።

በኮምፒውተር የሚሠሩ ቆንጆ ቆንጆ ሰንጠረዦች አሉ። እኔ ግን ደብተር እመርጣለሁ። ኮምፒውተሩን መክፈት ያቃተው ቤተሰብ ደብተር መግለጥ አያቅተውም።

ማን ምን ይውሰድ የሚለውን ከትዳር አጋራችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ። አንድ ነገር ብቻ እወቁ፦ ሕጉ ሙሉ ነፃነት ላይሰጣችሁ ይችላል። ለምሳሌ በፈረንሳይ ሕግ ለልጆች የተጠበቀ ድርሻ ስላለ ወላጅ ሁሉንም ለሌላ ሰው ማውረስ አይችልም። በእስልምና ሕግ የሚተዳደር ውርስም የእያንዳንዱ ወራሽ ድርሻ የተለካ ነው፤ በኑዛዜ የሚሰጠው ከሲሶ አይበልጥም።

ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ቦታ፦ ቅጹ ላይ ያለው ስም

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

በብዙ አገር የሕይወት ኢንሹራንስ ገንዘብ በኑዛዜ አይተላለፍም። አንዳንድ የጡረታና የቁጠባ ሂሳቦችም እንደዚሁ ናቸው። ኢንሹራንሱን ስትገቡ ወይም ሥራ ስትጀምሩ «ተጠቃሚ» በሚለው ቦታ ስም ሞልታችኋል። ገንዘቡ የሚከፈለው እዚያ ለተጻፈው ሰው ነው። ኑዛዜው ሌላ ቢልም አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ቅጹ ነው።

የአባቴን ጣጣ ካየሁ በኋላ የራሴን ኑዛዜ በሦስት ወር ውስጥ ጨረስኩ። ጠበቃ አየልኝ፣ ምስክሮች ፈረሙ። እፎይ አልኩ። ሁለት ዓመት ቆይቶ መሥሪያ ቤት በሌላ ጉዳይ የግል ማኅደሬ ሲገለጥ የኢንሹራንስ ቅጼን አየሁት። ተጠቃሚ የሚለው ላይ የታናሽ ወንድሜ ስም አለ። ላጤ ሆኜ ሥራ የገባሁ ቀን የሞላሁት ነው። ቅጹን ባየሁበት ሰዓት ግን ሚስትና ሁለት ልጆች አሉኝ። ኑዛዜዬ ላይም «የኢንሹራንሱ ገንዘብ ለልጆቼ» ብዬ ጽፌያለሁ። በመካከል ሞቼ ቢሆን ገንዘቡ ለወንድሜ ይከፈል ነበር። ወንድሜ ደግ ሰው ነው፣ ይሰጣቸው ይሆናል። ልጆቼን ግን «ይሰጣቸው ይሆናል» በሚል ቃል ላይ ጥያቸው ነበር። የአባቴ ቅጽ ያንን ሁሉ መከራ አሳይቶኝ እያለ የራሴን አለማየቴ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። በዝርዝሩ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ኢንሹራንስ፣ ጡረታና ሂሳብ አንድ በአንድ ጠይቁ። «ተጠቃሚ ተብሎ የተመዘገበው ማን ነው?» በሉ። የቃል መልስ አትቀበሉ፤ በጽሑፍ ይስጧችሁ።

ስሙን ስትሞሉ «ባለቤቴ» ወይም «ልጆቼ» ብቻ አትበሉ። ሙሉ ስም፣ ዝምድና፣ የትውልድ ቀን ጻፉ። ድርሻውን በመቶኛ አስቀምጡና ድምሩ 100 መሆኑን አረጋግጡ። ተተኪም ጻፉ። የመጀመሪያው ሰው ከእናንተ ቀድሞ ከሞተና ተተኪ ከሌለ፣ ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላው ውርስ ጋር ይቀላቀላል። ያኔ የፍርድ ቤቱን ሂደት ይጠብቃል፤ ዕዳም ሊነካው ይችላል። የአባቴ ገንዘብ ያን ያህል የዘገየው በዚህ ምክንያት ነው።

ትንሽ ልጅን በቀጥታ ተጠቃሚ ማድረግም ችግር አለው። አካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ብዙ ገንዘብ በእጁ አይሰጥም። የሚያስተዳድርለት ሰው አስቀድሞ ካልተሰየመ ፍርድ ቤት እስኪሾም ይጠበቃል። ፍቺ ካለም ዝም አትበሉ። ፍቺ የቀድሞ የትዳር አጋርን ስም ራሱ የሚሰርዝበት አገር አለ፤ የማይሰርዝበትም አለ። ቅጹን በእጃችሁ መቀየር ነው የሚያዋጣው።

ኑዛዜው

ከኢንተርኔት የሚወርድ ባዶ ቅጽ ለማሰቢያ ጥሩ ነው። ለመፈረሚያ ግን አልመክረውም። ለሌላ አገር ሕግ የተጻፈ ሊሆን ይችላል።

በእጅ የሚጻፍ ኑዛዜ በአንዳንድ አገር ይጸናል፣ በሌላው አይጸናም። በሚጸናበት ቦታም ብዙ ጊዜ ሙሉው በራሳችሁ እጅ መጻፍ አለበት። ግማሹን በኮምፒውተር፣ ግማሹን በእጅ ማድረግ ነገር ያመጣል። ድርሻ ያለው ሰውና የትዳር አጋሩ ምስክር አይሁኑ። ከውርሱ ምንም የማያገኝ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ይሻላል። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ፈርሙ። ከፈረማችሁ በኋላ የወረቀቱን ስቴፕል አትንቀሉ፤ ፎቶ ኮፒ ለማንሳትም ቢሆን። የስቴፕል ቀዳዳው ሁለት ቦታ ከታየ «ገጽ ተቀይሯል» የሚል ጥያቄ ይነሳል። አዲስ ኑዛዜ ከጻፋችሁም «የቀድሞው ተሽሯል» የሚል ዐረፍተ ነገር አስገቡበት።

አስፈጻሚ፣ ማለትም ከሞታችሁ በኋላ ኑዛዜውን ሥራ ላይ የሚያውል ሰው፣ ስትመርጡ በጣም የምትወዱትን ሰው አትፈልጉ። ወረቀት የማይጥል፣ ስልክ የሚያነሳ፣ ከወራሾቹ ጋር የሚነጋገር ሰው ፈልጉ።

ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ሞግዚት የምትሰይሙትም እዚሁ ነው። ሁለታችሁም ብትሞቱ ልጆቹን ማን ያሳድግ? ሰውዬውን ሳትጠይቁ ስሙን አትጻፉ፤ ተተኪም ይኑረው። ልጅ የሚያሳድገውና ገንዘቡን የሚይዘው የግድ አንድ ሰው መሆን የለባቸውም። እኛ ቤት ልጆቼን የምታሳድገው የሚስቴ እህት ናት፤ ገንዘቡን የሚይዘው ወንድሜ ነው። ሁለቱም ሲነገራቸው ደስ አላቸው።

ሳንሞት ብንታመምስ?

ኑዛዜ የሚሠራው ከሞት በኋላ ነው። አእምሯችን ከታመመ ወይም ራሳችንን ከሳትን አይረዳም። ለዚያ የሚያስፈልገው ውክልና ነው። ግን ተራ ውክልና በብዙ አገር ወካዩ (ውክልናውን የሰጠው ሰው) የማሰብ ችሎታውን ሲያጣ ይቋረጣል፤ ልክ በሚያስፈልግበት ሰዓት ማለት ነው። ችሎታ ከጠፋም በኋላ የሚቀጥል ዓይነት ውክልና በአገራችሁ እንዳለ ጠበቃውን ጠይቁ። ስለ ሕክምና የሚወስንላችሁን ሰውም በጽሑፍ አሳውቁ።

ውክልና በአብዛኛው ወካዩ ሲሞት ያበቃል። ይህን ያላወቀ ዘመዳችን ወካዩ ከሞተ በኋላ በውክልናው ገንዘብ አውጥቶ ነበር። ያወጣው ለቀብር ነው። ቢሆንም ኋላ ላይ ወራሾቹ ሲጠይቁት ያለቀሰው ለቅሶ አይረሳኝም።

ስልኩና አካውንቶቹ

ፎቶዎቻችን፣ ኢሜይላችን፣ አንዳንዴም ገንዘባችን ያለው እዚያ ነው። ጎግል ላይ «ኢንአክቲቭ አካውንት ማናጀር» የሚባል ነገር አለ። አካውንቱ ለ3፣ ለ6፣ ለ12 ወይም ለ18 ወር ዝም ካለ ለመረጣችኋቸው ሰዎች እንዲያሳውቅ ታደርጋላችሁ። እስከ 10 ሰው መምረጥ ይቻላል። አፕል «ሌጋሲ ኮንታክት» ይለዋል፤ የመረጣችሁት ሰው አስቀድማችሁ ከምትሰጡት የመዳረሻ ቁልፍ ጋር የሞት ማስረጃ ያቀርባል። ፌስቡክም ተመሳሳይ ነገር አለው፤ የመረጣችሁት ሰው ግን የግል መልእክቶቻችሁን አያነብም። ሁሉንም አንድ ቀን ምሽት ላይ ተቀምጦ መጨረስ ይቻላል።

የት ይቀመጥ?

አሜሪካዊቷ ዘፋኝ አሪታ ፍራንክሊን በፈረንጆቹ 2018 ስታርፍ ቤተሰቦቿ ኑዛዜ የላትም ብለው ነበር። በ2019 በእጇ የጻፈቻቸው ወረቀቶች ቤቷ ውስጥ ተገኙ። የ2010ሩ የተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። የ2014ቱ ደግሞ ሶፋ ትራስ ሥር ባለ ደብተር ውስጥ። ልጆቿ የትኛው ይጽና በሚለው ተከራከሩ። የ2014ቱ ይጸናል የሚለው ውሳኔ የተሰጠው በ2023 ነው።

ዋናውን ቅጂ ከእሳትና ከውኃ በሚጠበቅ ቦታ፣ ወይም ጠበቃ ወይም ፍርድ ቤት ዘንድ አስቀምጡ። በስማችሁ ብቻ የተያዘ የባንክ ሣጥን አልመክርም። ስትሞቱ ሊዘጋ ይችላል፤ ለማስከፈት ደግሞ ውስጥ ያለው ወረቀት ይጠየቃል። የተቀመጠበትን ቦታ አስፈጻሚውና ሌላ አንድ ሰው ይወቁት። ይዘቱን ባትነግሯቸው እንኳን ቦታውን ንገሯቸው።

በዓመት አንድ ቀን ቁረጡና ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ልጅ ሲወለድ፣ ጋብቻና ፍቺ ሲኖር፣ ስሙ የተጻፈ ሰው ሲሞት፣ ቤት ሲሸጥ ደግሞ ቀኑን አትጠብቁ። ኑዛዜውን በእስክሪብቶ አትሰርዙ፣ አትደልዙ፤ ለውጥ ካለ እንደገና ይጻፍና ይፈረም። ዝርዝሩ ግን ደብተር ነው፣ እንደፈለጋችሁ ሰርዙበት። እኔ ባለፈው ስገልጠው የተዘጋ የባንክ ሂሳብና የሚስቴን እህት የድሮ ስልክ ቁጥር አገኘሁ። ሁለቱንም ሰርዤ አዲሱን ቁጥር ጻፍኩና ደብተሩን ሚስቴ ወደምታውቀው መሳቢያ መለስኩት።