ኖክስ ሲጨምር፣ በርነሩ ሲያጓራ፦ የጋዝ ተርባይን ቅልቅል ችግርና መፍትሄ

ጭነቱ ያው ነው፤ ጋዙም ያው ነው፤ ኖክሱ (ከጭሱ ጋር የሚወጣው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ብክለት) ግን ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ ነው። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ሰቲንግ ለመነካካት ነው። እኔ ደግሞ ሰቲንግ መጨረሻ ይምጣ ባይ ነኝ። ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው ጋዝና አየሩ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ሰቲንጉ እሱን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

አገር ቤት መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ነው። ስለዚህ ይህ ይበልጥ የሚጠቅመው ገልፍ ውስጥ በኃይል ማመንጫና በባህር ውሃ ማጣሪያ ለምትሠሩ ነው።

የዛሬዎቹ የማመንጫ ተርባይኖች ባብዛኛው ጋዙን ከእሳቱ በፊት ከብዙ አየር ጋር ይቀላቅላሉ። 1 ኪሎ ሜቴን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 17 ኪሎ ያህል አየር ይበቃዋል። እነዚህ በርነሮች (ማቃጠያዎች) ግን ወደ እጥፍ ይሰጡታል፤ ትርፉ አየር እሳቱን ያቀዘቅዛል። የእሳቱ ሙቀት 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካለፈ ኖክስ በፍጥነት ይፈጠራላ። ታዲያ ቅልቅሉ በአማካይ ልክ መሆኑ ብቻውን ዋጋ የለውም። ጨው በደንብ ያልተማሰለበት ወጥ አስቡ፤ ድስቱ ውስጥ የገባው ጨው ልክ ነው፣ አንዱ ጉርሻ ግን አይዋጥም። ኖክሱን የሚያመርተው ያ ጋዝ የበዛበት ጉርሻ ነው።

ኖክስ ጨመረ፣ ሌላው ሁሉ ደህና ነው

መጀመሪያ መለኪያውን ጠርጥሩ። ካሊብሬሽን ተደርጎለታል? ንባቡ ወደ 15 ፐርሰንት ኦክስጅን ተስተካክሎ ነው የሚነጻጸረው? የአየሩንም ጠባይ እዩ፤ አየሩ ደረቅ ሲሆን ኖክስ ይጨምራል፣ እርጥበት ሲኖረው ይቀንሳል።

ቀጥሎ ፓይለቱን። ፓይለት ዋናውን እሳት ይዞ የሚያቆይ፣ በደንብ ያልተቀላቀለ ትንሽ እሳት ነው። ድርሻው በጥቂት ፐርሰንት ከፍ ካለ ኖክሱ ወዲያው ያሳብቃል። አንዱ ፈረቃ ጩኸት ለማብረድ ከፍ አድርጎት፣ ሳይመልሰው ወደ ቤቱ ሄዶ ሊሆን ይችላል። የፈረቃ መዝገቡን አገላብጡ።

እዚህም ምንም ካልተገኘ ጋዙን በቀዳዳዎቻቸው ወደሚረጩት ወደ ኖዝሎቹ እንሂድ። የቧንቧ ዝገት ቀዳዳ ይደፍናል። ሦስት ቀዳዳ የተደፈነበት ኖዝል ጋዙን በቀሩት በኩል ስለሚገፋው አንዱ ጎን ይወፍራል (ጋዝ ይበዛበታል)፣ ሌላው ይሳሳል (ጋዝ ያንሰዋል)። ከቀዳዳው የሚወጣው ጋዝ አየሩን ሰንጥቆ መሃል ድረስ መግባት አለበት። ቀዳዳው ሰፍቶ ፍጥነቱ ከወረደ ግን ግድግዳውን ተከትሎ ይሄዳል፤ በደንብም አይቀላቀልም። በዓይን አይቶ "ንጹህ ነው" ማለት አይሠራም። እያንዳንዱን ኖዝል በእኩል ግፊት አየር አሳልፋችሁ ለኩ፤ ፍሰታቸው የሚቀራረበውን አንድ ላይ ግጠሙ። በሽቦ መጎርጎር ደግሞ ክልክል ነው። ቀዳዳው በትንሹ ከሰፋ ያ ኖዝል ከጓደኞቹ ጋር መቼም አይስማማም።

ሰው ሁሉ ጋዙን ያያል፣ አየሩን ይረሳል። የላይነሩ (እሳቱን የሚከበው የብረት ሽፋን) ሲል፣ ማለትም አየር እንዳይሾልክ የሚዘጋው ማሸጊያ፣ ካረጀ በበርነሩ ማለፍ የነበረበት አየር በስንጥቁ ሾልኮ ከእሳቱ በኋላ ይገባል። ያኔ የጠቅላላው አየር መጠን ሳይለወጥ እሳቱ ጋ ያለው ቅልቅል ይወፍራል። መፍትሄው ሲሉን መቀየር ነው፤ ሌላ አቋራጭ የለውም።

የጭስ ማውጫው ሙቀት ተበታተነ

ከቴርሞካፕሎቹ (ከሙቀት መለኪያዎቹ) አንዱ ብቻ ወርዶ ጎረቤቶቹ ንቅንቅ ካላሉ፣ የታመመው ራሱ ቴርሞካፕሉ ሊሆን ይችላል። ጎረቤቶቹም አብረው ጎድጎድ ካሉ ግን እውነተኛ ቀዝቃዛ ቦታ አለ።

እዚህ ጋ እንዳትሸወዱ። የተቃጠለው ትኩስ ጋዝ ተርባይኑን ሲያቋርጥ ይዞራል። ስለዚህ ቀዝቃዛው ቦታ ከታመመው ካን (የማቃጠያ ክፍል) ፊት ለፊት አይገኝም፤ የሚዞርበት ልክም ከጭነቱ ጋር ይለዋወጣል። ይህ ለእኛ ጥሩ ፍንጭ ነው። ጭነቱን ቀይሩና ጠብቁ። ቀዝቃዛው ቦታ ስፍራ ከቀየረ ጥፋቱ ከካን ነው፤ እዚያው ከቀረ ቴርሞካፕሉን ወይም ገመዱን ፈትሹ። እንደ ፍሬም 9ኢ 14 ካን ያለው ማሽን ላይ ይህን ሳያጣሩ መፍታት ከጀመሩ ቀኑ አይበቃም።

በርነሩ ያጓራል

የግፊት ሞገድ አየሩንና ጋዙን ያወዛውዛል፤ ቅልቅሉ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይሳሳል። ያ ቅልቅል እሳቱ ጋ ሲደርስ ሙቀቱ ከግፊቱ እኩል ከፍና ዝቅ ካለ ጩኸቱ ራሱን ይመግባል። ብዙ ጊዜ በ100 እና በ200 ኸርትዝ መካከል ይሰማል፤ ዝም ካሉት ላይነር ይሰነጥቃል።

የጋዙ ዓይነት ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቁ። የጋዝ ማሞቂያውንም እዩ፤ የጋዙ ሙቀት ሲለወጥ በኖዝሉ ላይ ያለው የግፊት ልዩነትም አብሮ ይለወጣል። ከዚያ ነዳጁን በኖዝሎቹ መካከል እንደገና አከፋፍሉ። ፓይለት መጨመር ያበርደዋል፣ ግን በኖክስ ያስከፍላል። ለዛሬ ሌሊት ይሁን፤ ለወር አይሁን።

እሳቱ ወደ ኋላ ተመለሰ

ምልክቱ የኖዝሉ ብረት ድንገት መጋሉ ነው፤ ሲፈታ ጫፉ ቀልጦ ይገኛል። ቅልቅሉ የሚመጣበት ፍጥነት ከእሳቱ ፍጥነት ካነሰ እሳቱ ወደ መቀላቀያው ይገባል። ጋዙ ውስጥ ሃይድሮጅን ካለ አደጋው ይብሳል፤ እሳቱ ከሜቴን በብዙ እጥፍ ይሮጣል። ሌላው ጣጣ ከጋዙ ጋር የሚመጣ ፈሳሽ ጠብታ ነው። ጋዙን ጤዛ ከሚሠራበት ሙቀት በ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል አስበልጣችሁ አሙቁት፤ የፈሳሽ መለያ ማጣሪያውንም አትርሱ። አየሩን በሚያሽከረክሩት የበርነሩ ክንፎች ላይ ጭረት ወይም ጉርብጥ ካለ ከኋላው አየሩ ይዘገያል፣ እሳቱም እዚያ ይጠለላል። እሳቱ አንዴ ከገባ ማሽኑን አውርዱ፤ ብረት እየቀለጠ ሰቲንግ አይነካም።

ካርቦን ሞኖክሳይድ በዛ፣ ዝቅተኛ ጭነት ላይ እሳቱ ይጠፋል

ቅልቅሉ ከመጠን በላይ ሳስቷል ማለት ነው። የኮምፕረሰሩ (አየሩን የሚያምቀው ክፍል) መግቢያ ክንፎች ከታዘዙት በላይ ተከፍተው እንደሆነ በዓይናችሁ አንግሉን ለኩ፤ ስክሪኑ የሚለው ሌላ ሊሆን ይችላል። ክንፎቹ ልክ ከሆኑ ያ ጭነት ለማሽኑ ዝቅ ብሏል፤ ከፍ አድርጋችሁ አሠሩት።